መሬታችሁ ወደ ከተማ ሲካለል ከወሰኑ ይልቅ ካርታውን ጠብቁ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከተማው እየሰፋ መጥቶ የወላጆችሽን መሬት ወደ ወሰኑ ሊያስገባ ነው። «ይወሰድብናል ማለት ነው? ወይስ ዋጋው ይጨምራል? እስከዚያው ምን እናድርግ?» ብለሻል። ይኸው ጉዳይ ከዓመታት በፊት እኛም ቤት ገብቶ ነበር። እኛ ዝም ብለን አልጠበቅንም፤ ግን ጉልበታችንን የጨረስነው በማያዋጣው ቦታ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

በቅድሚያ ሦስት ነገሮችን ለይተሽ ያዢ። አንደኛው የወሰን ለውጥ ነው፤ መሬቱ ከእንግዲህ በየትኛው አስተዳደር ሥር ይሆናል የሚለው። ሁለተኛው የመሬት አጠቃቀም ምደባ ነው፤ ዞኒንግ የሚሉት። (ዞን ሲባል የአስተዳደር ዞን አይምሰልሽ፤ እኔም መጀመሪያ ተምታቶብኝ ነበር።) በቦታው ላይ ምን መሥራት ይፈቀዳል፣ ስንት ፎቅ ይወጣል፣ ከመንገድ ምን ያህል ገባ ይባላል፣ እሱን ነው የሚወስነው። ሦስተኛው ማስለቀቅ ነው፤ ለመንገድ ወይም ለሌላ የሕዝብ ጥቅም ተብሎ በካሳ ከእጅ መውጣቱ። ብዙ ቦታ ሦስቱ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ስብሰባ ይወሰናሉ። የመጀመሪያው ስለሆነ ብቻ ሦስተኛው ሆነ ማለት አይደለም።

እኛ ዘንድ የወሰኑ ማስታወቂያ ሲወጣ አባቴ ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞሮ አስተባበረ። የስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር። ተናገርን፣ ተጨቃጨቅን፣ ፊርማ አሰባሰብን። ወሰኑ ግን እንደታሰበው ጸደቀ። ሁላችንም ተስፋ ቆርጠን ወደ ቤታችን ገባን። ከሰባት ወር በኋላ የአጠቃቀም ካርታው ረቂቅ ተለጥፎ አስተያየት ተጠየቀበት። እዚያ ስብሰባ ላይ የተገኘው ሰው አሥር አይሞላም ነበር። አባቴም «ያለቀ ነገር ነው» ብሎ ቀረ። በረቂቁ ላይ ከመሬታችን ግማሽ ያህሉ አረንጓዴ ተቀብቶ ነበር። በታች በኩል ወንዝ ስላለ የወንዝ ዳርቻ ጥብቅ ቦታ አድርገውታል። ወንድሜ ቤት ሊሠራ ያሰበው እዚያው ላይ ነበር። መሬቱ ዛሬም በስማችን ነው፤ ግብሩንም እንከፍላለን። ቤት ግን አይሠራበትም። በኋላ አንድ የፕላን ባለሙያ እንደነገረኝ ከወንዙ ያለው ርቀት ሲለካ ትንሽ በዝቶ ነበር፤ ያኔ አንድ ሰው ሄዶ «እንደገና ለኩልን» ቢል መስመሩ ይጠብብ ነበር። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ወሰን ላይ የነዋሪው ድምፅ ደካማ የሚሆነው እኛ ጋ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አሌጌኒ የምትባል ከተማ ወደ ፒትስበርግ ስትጠቃለል የሁለቱ ከተሞች ድምፅ በአንድ ላይ ተቆጠረ። የአሌጌኒ ሰዎች በብዛት ቢቃወሙም ፒትስበርግ በሕዝብ ቁጥር ስለምትበልጥ ተዋጡ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1907 የከተማ ወሰን የክፍለ ግዛቱ ሥልጣን ነው ተባለ። የካናዳዋ ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1998 ከአጎራባች ከተሞች ጋር ስትዋሃድም ነዋሪው ቀድሞ በተሰጠ ድምፅ አይሆንም ብሎ ነበር፤ ውህደቱ ግን አልቀረም። ፍርድ ቤት ወሰንን የሻረበት ጊዜም አለ። በአሜሪካ፣ አላባማ፣ የተስኪጊ ከተማ ወሰን ከአራት ማዕዘን ወደ 28 ጎን ተቀይሮ ጥቁር መራጮች ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ውጭ ቀርተው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1960 ያንን ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። እንዲህ ያለ ግልጽ በደል ከሌለ ግን ወሰንን በክርክር ማስቀልበስ ከባድ ነው።

ቴክሳስ ውስጥ የሆነው ትንሽ ተስፋ ይሰጣል። ሂዩስተን እ.ኤ.አ. በ1996 ኪንግውድ የሚባለውን ሰፈር ነዋሪዎቹ እየተቃወሙ ጠቀለለች። ያ ቁጣ ሕጉ ቀስ በቀስ እንዲለወጥ ረዳ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የቴክሳስ ከተሞች ባብዛኛው ያለ ባለመሬቱ ወይም ያለ መራጩ ፈቃድ መሬት መጠቅለል አይችሉም። ስለዚህ ፈቃዳችሁ ይጠየቅ እንደሆነ በመጀመሪያ ከአካባቢያችሁ ሕግ አጣሩ። የሚጠየቅ ከሆነ ትልቅ አቅም አላችሁ። የማይጠየቅ ከሆነ ጉልበታችሁን ወሰኑን በመቃወም አትጨርሱት። ይልቅ ምን በምላሹ እንደምታገኙ ጠይቁ። ውኃ መቼ ይገባል? ፍሳሹስ? ግብሩ በአንዴ ነው የሚያድገው ወይስ በደረጃ? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። የከተማ ግብር ከቧንቧው ቀድሞ ሲደርስ በዓይኔ አይቻለሁ።

የመሬትሽን ዕጣ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን ሁለተኛው፣ የአጠቃቀም ምደባው ነው። በኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ አጠገብ፣ ዩክሊድ የምትባል መንደር ነበረች። አምብለር የሚባል ኩባንያ እዚያ 68 ኤከር (27 ሄክታር ተኩል ገደማ) መሬት ይዞ ለፋብሪካ ሲጠብቅ መንደሯ ከፊሉን ለመኖሪያ መደበችው። ኩባንያው ለፋብሪካ ቢሆን ኤከሩ 10,000 ዶላር ያወጣል፣ ለመኖሪያ ግን ከ2,500 አይበልጥም ብሎ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1926 በ6 ለ3 ድምፅ ለመንደሯ ፈረደ። አስቢው፤ ማንም አንድ ስንዝር አልወሰደም፣ አጥርም አልፈረሰም። በካርታ ላይ የተቀባ ቀለም ብቻ ነው። «ዋጋዬ ቀነሰ» የሚለው አቤቱታ ብቻውን ብዙም የማያስኬደው ለዚህ ነው። «መስመሩ የተሰመረው በስህተት ነው»፣ «ከከተማው ዋና ፕላን (ማስተር ፕላን) ጋር ይጋጫል»፣ «በሥርዓቱ አላሳወቃችሁንም» የሚለው ግን ያስኬዳል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ዞኒንግን እንደ ጠላት አትዪው። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1916 ደንቧን ያወጣችው ኢኩዊተብል የተባለው ግዙፍ ሕንፃ ጎረቤቶቹን ፀሐይ ሲከለክላቸው ሰው ስለተማረረ ጭምር ነው። ከቤትሽ ጎን የቆዳ ፋብሪካ እንዳይከፈት የሚከለክለውም ይኸው ካርታ ነው።

አዲስ የተካለለ መሬት ብዙ ጊዜ ወዲያው ቋሚ ምደባ አይሰጠውም። እስኪወሰን ድረስ ብዙ ግንባታ በማይፈቅድ ጊዜያዊ ምደባ ይቆያል። ሰው ተስፋ ቆርጦ በርካሽ የሚሸጠውም ያኔ ነው። ደላላ ከካርታው ቀድሞ ይመጣል። «ከተማው ሊወስደው ስለሆነ አሁን ሽጡ» ካላችሁ ረቂቁን አይቶታል ብላችሁ ጠርጥሩ። ቢያንስ ምደባው እስኪለይ ምንም አትፈርሙ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። አባቴ ከቤቱ ጀርባ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። በዚያ ነው ያሳደገን። አዲሱ ካርታ አካባቢውን መኖሪያ ብቻ አደረገው። ደግነቱ ብዙ ደንቦች ከካርታው በፊት በሕጋዊ መንገድ የነበረ ሥራ እንዲቀጥል ይፈቅዳሉ፤ የኛም ይፈቅድ ነበር። ግን ሁኔታ አለው። ማስፋፋት አይቻልም። በቃጠሎ አብዛኛው ከወደመ መልሶ ማቆም ሊከለከል ይችላል። ለተወሰነ ጊዜ ከተቋረጠ ደግሞ መብቱ ይጠፋል። ያ ጊዜ እንደየቦታው ይለያያል፤ የኛ 12 ወር ነበር። አባቴ ታመመና ሥራ ቤቱ 14 ወር ተዘጋ። ሲሻለው መጋዙን አስነሳ። በሳምንቱ ማስጠንቀቂያ መጣ። እንደታመመ የሐኪም ወረቀት ይዘን ሄድን፤ ተቀባይነት አላገኘም። መሣሪያዎቹን ሸጠ። በመሐል ወንድሜ በወር ሁለት ቀን እንኳ ከፍቶ ቢሠራና ደረሰኝ ቢይዝ ኖሮ ቢያንስ የምንከራከርበት ማስረጃ ይኖረን ነበር። ማናችንም ደንቡን አላነበብነውም።

ስለዚህ በመሬታችሁ ላይ ዛሬ የሚሠራ ነገር ካለ፣ ወፍጮም ይሁን ሱቅ ወይም ከብት ማድለቢያ፣ ከአሁኑ ማስረጃ አሰባስቡ። ቀን ያለበት ፎቶ፣ የመብራት ሂሳብ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ። ካርታው ከመጽደቁ በፊት ይሠራ እንደነበር የማሳየት ሸክሙ በእናንተ ላይ ነው የሚወድቀው።

ሌላም ሊገጥማችሁ የሚችል ነገር አለ። አንዳንድ ከተማ የጎረቤታሞችን መሬት አንድ ላይ ቀላቅሎ፣ መንገድና መናፈሻ አውጥቶ፣ ቀሪውን ቅርጽ አስይዞ ለየባለቤቱ ይመልሳል። ፍራንክፈርት ይህን በሕግ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1902 በከንቲባ ፍራንዝ አዲከስ ጊዜ ነው፤ ጃፓንም በሰፊው ተጠቅማበታለች። የሚመለስልሽ ቦታ ያንሳል፤ ግን መንገድ ዳር ይሆናል። ሲሰሙት ያስደነግጣል። እኔ ግን ከመቶ ስንት እንደሚቀነስና ሁሉም እኩል እንደሚቀነስበት ሳታጣሩ እምቢ አትበሉ እላለሁ።

መሬት የግል ባልሆነበት አገር፣ ለምሳሌ በኢትዮጵያ ወይም በቻይና፣ ከላይ የለየኋቸው ነገሮች ይቀራረባሉ። የገጠር ይዞታና የከተማ ይዞታ የተለያዩ መብቶች ናቸው፤ ወደ ከተማ መካለል ራሱ ወደ ማስለቀቅ ሊያመራ ይችላል። እዚያ የካሳው ጥያቄ ቀድሞ ይመጣል። በመሬቱ ላይ ያለውን ቤት፣ ዛፍና ምርት ማንም ከመምጣቱ በፊት ቆጥሮ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ነገ ወደ መሥሪያ ቤቱ ስትሄጂ «መሬታችን ምን ይሆናል?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «ገና ነው» ብለው ይመልሱሻል። ዋናውን ፕላንና የአጠቃቀም ካርታውን ረቂቅ አሳዩኝ በያቸው። የአስተያየት መስጫው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቂና ጻፊው። አስተያየታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፤ ቅጂው ላይ የተቀበሉበትን ማኅተም አስመቱ። በኋላ ይግባኝ ማለት ብትፈልጉ መጀመሪያ የሚጠየቀው በጊዜው ተቃውማችሁ እንደነበር ነው።

የደረሳችሁ ደብዳቤ የሚያወራው ስለ ወሰን ነው ወይስ ስለ መሬት አጠቃቀም? ቀኑንም አይተሽ ጻፊልኝ፤ ከዚያ ተነስቼ የሚቀጥለውን እነግርሻለሁ።