የፕላስቲክ ትራንዚስተር ሴንሰሮች፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ዛሬ ማታ ስለ ኦርጋኒክ ትራንዚስተር ሴንሰሮች የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ትራንዚስተር ምን እንደሆነ እንደምታውቁ ቆጥሬ ነው የምጀምረው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፦ ጎን ለጎን የሚሠራ ማነጻጸሪያ ትራንዚስተር ከሌላችሁ፣ የምታዩትን ቁጥር አትመኑ።

ሳሮን፦ ዶክተር፣ "ኦርጋኒክ" ሲባል ከተፈጥሮ የተገኘ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የካርቦን ውህድ ማለት ነው። በሲሊከኑ ቦታ ከረንት የሚያስተላልፈው ፖሊመር፣ ማለትም የፕላስቲክ ዓይነት፣ ነው። ቀጥሉ።

ሔኖክ፦ ፒት ቤርግቬልድ አዮን (ቻርጅ ያለው ቅንጣት) የሚለካውን የሲሊከን ትራንዚስተር ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። እሱ እያለ ይሄኛው ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በሲሊከኑ ላይ በፈሳሹና ከረንት በሚያልፍበት መስመር መካከል ኦክሳይድ የሚባል የሚለይ ሽፋን አለ። አዮኖቹ ውጭ ቆመው ነው ተጽዕኖ የሚያሳድሩት። ፔዶት ፒኤስኤስ የሚባለው ፖሊመር ግን እንደ ስፖንጅ ነው። ጨዋማውን ውሃ ይመጥጣል። ጌቱ፣ ማለትም ከረንቱን የሚቆጣጠረው ጫፍ፣ ላይ ትንሽ ፖዘቲቭ ቮልት ስትሰጥ፣ ፖዘቲቭ አዮኖች ፊልሙ ውስጥ ይገባሉ፣ ከረንቱም ይወርዳል። የሚሠራው ላዩ ብቻ አይደለም፤ ውፍረቱ በሙሉ ነው። ስለዚህ ጌቱ ላይ ያለች ጥቂት ለውጥ ትልቅ የከረንት ለውጥ ትሆናለች። ማጉያው እዚያው፣ ነገሩ የሚሆንበት ቦታ ላይ ነው ያለው። የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1984 ኤምአይቲ ውስጥ የማርክ ራይተን ቡድን በፖሊፒሮል ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች በአይጥ አንጎል ላይ አስቀምጠው ምልክት አነበቡበት። ፕላስቲክ ስለሆነ ይተጣጠፋል፣ እርጥብ ገላ ላይ ይለጠፋል። እኔን በዚህ ሙያ ያስቀረኝ ይሄ ነው።

ቮልቱን ግን ከ1 በታች አድርጉት። ውሃ ከ1.23 ቮልት በላይ መሰንጠቅ ይችላል። ያን ጊዜ የምትለኩት ሌላ ነገር ነው።

ቢኒ፦ ሴንሰሬ አልሠራ አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የምን ሴንሰር? ፖሊመሩ ምንድን ነው? ስንት ቮልት? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ቢኒ፦ ይቅርታ። ፖሊመሩ ፒ3ኤችቲ ነው፣ አሞኒያ ለመለካት። ጠዋት ከፍቼው እስከ ከሰዓት ከረንቱ ዝም ብሎ ይወርዳል።

መልስ፦ አሁን ተግባባን። ጌቱን ለረጅም ሰዓት ሳታጠፋ ስትተወው ቻርጁ ኢንሱሌተሩ (ከረንት የማያሳልፈው ንብርብር) ጠርዝ ላይ ይታሰራል። ትራንዚስተሩ ይደክማል፣ ከረንቱ ይወርዳል። ክፋቱ፣ አሞኒያም በፒ3ኤችቲ ላይ ከረንት ነው የሚቀንሰው። ድካሙና አሞኒያው አንድ መልክ አላቸው! እኔ ተማሪ ሳለሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ "አሞኒያ ያዝኩ" ብዬ ስመዘግብ ከርሜ፣ እርጥበት ሆኖ ተገኘ። በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለት ትራንዚስተር ሥራ። አንዱን ጋዝ እንዳይነካው ሸፍነው። ለሁለቱም እኩል ቮልት ስጥ፣ ከዚያ የተሸፈነውን ለውጥ ካልተሸፈነው ላይ ቀንስ። ማነጻጸሪያ ከሌለህ ቁጥሩን አትመን።

ማህሌት፦ እናቴ የስኳር ታማሚ ናት። በዚህ ሴንሰር ጣቷን ሳትወጋ በላብ ወይም በምራቅ መለካት ትችላለች?

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ስኳሩን ሲያቃጥል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይወጣል፤ የፕላቲነም ጌት ያንን ያነባል። ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ግን በላብና በምራቅ ያለው ስኳር ከደሙ እጅግ ያነሰ ነው፣ የደሙንም ቁጥር በታማኝነት አይከተልም። ኢንሱሊኗን በዚህ እንዳትመጥን። ጣቷን መውጋቱን ትቀጥል።

ገረመው፦ እህቴ፣ የሽፈራው ቅጠል ብታፈላላት መለካትም አያስፈልጋት። አጎቴ በሱ ነው የዳነው።

ሔኖክ፦ አጎትህ ዳነ የተባለው በምን ተለክቶ ነው ገረመው?

ገረመው፦ ሰውየው ራሱ ደህና ነኝ ይላል!

ማህሌት፦ ሽፈራውን ሞክረነዋል። ጣዕሙን አልወደደችውም፣ ስኳሯም አልወረደም።

መልስ፦ እዚህ ላይ ይብቃ። ሽፈራው ከፈለገች ትጠጣ፤ መድኃኒቷን ግን እንዳታቋርጥ። ወደ ጉዳያችን።

ዳዊት፦ ጌቱ ላይ አንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል) ለጥፈን በሽታ መለየት የሚከብደው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ደም ጨዋማ ስለሆነ። አዮኖቹ ማንኛውንም ቻርጅ ወዲያው ከብበው ይሸፍኑታል። በደም ውስጥ የአንድ ቻርጅ ተጽዕኖ ከ1 ናኖሜትር ሳያልፍ ይጠፋል። አንቲቦዲው ራሱ ደግሞ ወደ 10 ናኖሜትር ይረዝማል። ጫፉ ላይ የያዘውን ፕሮቲን ትራንዚስተሩ አያየውም። ብዙዎች ናሙናውን በውሃ ያቀጥኑታል። ያን ጊዜ ቻርጁ ራቅ ብሎ ይታያል፤ የተለካው ግን የበሽተኛው ደም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ጣሊያን፣ ባሪ ዩኒቨርሲቲ፣ የሉዊዛ ቶርሲ ቡድን ሰፊ ጌት በትሪሊዮን በሚቆጠሩ አንቲቦዲዎች ሸፍኖ አንድ ነጠላ ፕሮቲን መለየቱን አሳተመ። አንዱ ሲይዝ ለውጡ ወደ ጎረቤቶቹ ይዛመታል የሚል ነው ማብራሪያቸው። ውጤቱን ሳነብ መጀመሪያ የፈለግኩት ያለ አንቲቦዲ የተሠራውን ማነጻጸሪያ ነው። እናንተም እንዲሁ አንብቡ።

ዓለሙ፦ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ ይለካልን?

መልስ፦ ለሱ የላንታነም ፍሎራይድ ኤሌክትሮድ አለ፤ በደንብ ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ሕዝብ የሚጠጣውን ውሃ በተፈተነው መሣሪያ ለኩ።

ሩት፦ የኔም ሴንሰር ከረንቱ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሩት፣ ለቢኒ የመለስኩትን አንብቢ። እባካችሁ፣ ከመጠየቃችሁ በፊት ወደ ላይ ተመልከቱ።

ቢኒ፦ ዶክተር፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነኝ። ሁለተኛውን ሸፍኜ አሞኒያ ለቀቅኩ። ሁለቱም እኩል ወረዱ።

መልስ፦ እንግዲያው እስካሁን ያየኸው አሞኒያ አልነበረም። ጌቱን እያበራህ እያጠፋህ ድገመው። ነገ የሁለቱንም ግራፍ አንድ ላይ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።