«ድምፄ አያምርም፣ መዘመር ግን እወዳለሁ»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከደብረ ማርቆስ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ከመዘምራኑ ልገባ ፈልጌ «ድምፅሽ አይሆንም» ተባልኩ። ቤት ውስጥ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ስልኬ ላይ መዝሙር አይጠፋም። ወጥ እየሠራሁ አብሬ እላለሁ፤ አንዳንዴ አለቅሳለሁ። ማኅሌት ስቆም ደግሞ ግእዙ ስለማይገባኝ እንቅልፌ ይመጣል። እኔ እግዚአብሔርን እያመለክሁ ነው ወይስ ዜማ ስለምወድ ብቻ ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን እኅቴ። ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ ብዙ ሰው ይህን ነገር ራሱን እንኳ ሳይጠይቅ ዕድሜውን ይጨርሳል።

መጀመሪያ የድምፁን ነገር እንጨርሰው። መዘምራን ድምፅ ቢመርጡ ክፋት የለውም። አብሮ የሚዘምር ሰው መግጠም አለበት፣ አለቀ። በአንቺ የገረመኝ ግን ከዚያ ከቀረሁ መዘመሬ ቀረ ብለሽ ማሰብሽ ነው። ለመሆኑ ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል «እግዚኦ ተሠሃለነ» የሚለው ማን ነው? ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲልስ «ምስለ መንፈስከ» ብሎ የሚመልሰው? መጽሐፈ ቅዳሴው ላይ «ይበል ሕዝብ» የሚለው አንቺን ነው። ለዚህ ድምፅ የሚፈትንሽ የለም። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ነጠላችንን ተከናንበን፣ ግድግዳ ተደግፈን፣ ድርሻችንን ለዲያቆናቱ ትተን ዝም እንላለን፤ ከዚያ ቤታችን ገብተን መዝሙር እንከፍታለን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄ ነገር ያናድደኛል። በሚቀጥለው እሑድ ጮክ ብለሽ መልሺ። አጠገብሽ ያለችው ዘወር ብላ ካየችሽም ትየው።

ወደ እንባው ልምጣ። እንባን አልንቅም፣ አንቺም አትናቂው። ግን ዜማ በራሱ ያስለቅሳል። መሰንቆ አዝማሪ ቤት ሲመታም ሆድ ያባባል፤ ያለቀሰው ሁሉ ግን ጸለየ አይባልም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመንፈስ እዘምራለሁ፣ በአእምሮም ደግሞ እዘምራለሁ ይላል። ስለዚህ ራስሽን እንዲህ ፈትኚ። የምትወጂውን አንድ መዝሙር ውሰጂና ዜማውን ትተሽ ቃሉን ብቻ ቀስ ብለሽ ንገሪው፣ ለእግዚአብሔር። ጸሎት ከሆነልሽ ያው አምልኮ ነው፣ አትጨነቂ። ቃሉ ባዶ ሆኖ ካገኘሽው፣ ወይም ስለ ራስሽ ሆድ መባስ ብቻ የሚያወራ ከሆነ፣ ዜማው ምንም ቢያምር ለጸሎት አይሆንሽም። አሁን አሁን እንዲህ ያለው ተበራክቷል። አንዳንዱን ስሰማ የተዘመረው ለማን እንደሆነ ይጠፋኛል።

ከጠዋት እስከ ማታ መክፈቱንም ቀንሺው። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የዋለ መዝሙር ጆሮ ይለምደዋል፤ ልብ አይሰማውም። አንዱን ክፈቺ፣ አብረሽ በይ፣ ዝጊው። ከዚያ ያለ ስልክ ብቻሽን ድገሚው። ወጥ እየሠሩ መዘመር ደግሞ ምንም ነውር የለበትም። ጳውሎስና ሲላስ እስር ቤት፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፣ በእኩለ ሌሊት ዘምረዋል፤ ኩሽና ከዚያ ይሻላል።

ስለ ማኅሌቱ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ያደግሽበትን አገር ታውቂዋለሽ? ድጓ፣ ማለት የቅዱስ ያሬድን የዜማ መጽሐፍ፣ የሚፈልግ ተማሪ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፣ አቋቋም፣ ማለት የማኅሌቱን ዝማሜና ሽብሸባ፣ የሚፈልግ ጎንደር ይሄዳል፤ ቅኔ የሚፈልግ ግን ከየትም አገር ተነሥቶ ጎጃም ነው የሚመጣው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ እያለ። ተማሪው የበግ ለምድ ለብሶ፣ የቁራሽ መያዣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በውሻ እየተነከሰ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማረው ያ ማኅሌት ላይ ሲባል እንቅልፍ የሚያመጣብሽን ነገር ነው። ሁለት ቤት (መስመር) ብቻ ካላት አጭር ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና፣ ይጀምርና እስከ ረጅሙ ቅኔ እስከ መወድስ ይደርሳል። ደግሞ ቅኔ ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። ለዕለቱ በዓል፣ ለዕለቱ ምስጢር አዲስ ሆኖ ይቀርባል፣ ተብሎም ያልፋል። እኔ ከዝማሬ ሁሉ ይሄ ነው የሚደንቀኝ፤ ሰው ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ የሠራውን አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር ይሰጥና በቃ፣ ይተወዋል። አይቀረጽም፣ አይሸጥም። (አሁንማ ስልክ ደቅነው የሚቀርጹ አሉ፤ እሱን ተዪው።)

ስለዚህ ግእዙ አልገባኝም ብለሽ አትሽሺ። ከማኅሌት በኋላ አንዱን መሪጌታ ጠጋ ብለሽ «የኔታ፣ ዛሬ የተባለው ምን ነበር?» በይ። ሙሉውን አትጠይቂ፣ አንድ መስመር ይበቃል። ሰሙን (የላይኛውን ቃል) ከወርቁ (ከተሰወረው ምስጢር) ለይተው ሲነግሩሽ እንቅልፉ በራሱ ጊዜ ይጠፋል።

የቅዱስ ያሬድንም ታሪክ አስቢው። በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በአክሱም፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው፤ ወጊውም ተወጊውም ሳያውቁ ቆዩ ይላል ገድሉ። ይህን ሁሉም ይተርከዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ንጉሡ ደንግጦ የፈለግኸውን ጠይቀኝ አለው። ያሬድ የጠየቀው ሹመትም ወርቅም አይደለም። ልቀቀኝና ልመንኵስ አለ፤ ወደ ሰሜን ተራራ ሄደ። ያን ሁሉ ድምፅ ይዞ ማንም ወደማያየው ቦታ! አንቺ መድረክ ላይ አልወጣሁም ብለሽ ስታዝኚ ይህን አስታውሺ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙም ሳላስረዝም። በነቢዩ አሞጽ ዘመን ሕዝቡ ጥሩ አድርጎ ይዘምር ነበር፤ እግዚአብሔር ግን የዝማሬህን ጩኸት ከእኔ አርቅ አለው። ድሀውን እየረገጡ ነበራ የሚዘምሩት። እዚያው ኩሽና ውስጥ አብራሽ የምትሠራ ልጅ ካለች፣ መዝሙሩ እየተሰማ እሷ ላይ የምትጮኺ ከሆነ፣ ከድምፅሽ በፊት የሚስተካከለው እሱ ነው። አለሽ አላልኩም፤ ካለ ነው።

«ጾም ላይ መዝሙር መክፈት ይቻላል ወይ?» የሚል ጥያቄ ከሌሎችም ስለሚመጣ አብሬ ልመልስ። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ የጾሙ ዜማ ጾመ ድጓው ግን በመቋሚያ ይዜማል። ቤትሽም እንደዚያው ይሁን። ከበሮ ያለበትን አቆዪውና በገና አድምጪ፤ የበገና ቃል በዝግታ ስለሚወርድ ለመከተልም ይመቻል። ውዳሴ ማርያምን ደግሞ የየዕለቱን በአማርኛው አንብቢ። ሌሊት መውጣቱ ከከበደሽ ለማኅሌቱ አትጨነቂ፣ ለቅዳሴው ግን ከመጀመሪያው ድረሺ። የመሪጌታው መልስ ያልገባሽ እንደሆነ ጻፊልኝ።