መልስ፦ ግራ ጎናቸው የደከመባቸውን እናት ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወር

የምትንከባከቢያቸውን እናት ከአልጋ ወደ ወንበር ስታነሺ ወደ ግራ እንደሚወድቁብሽና ግራ ትከሻቸውን እንደሚያማቸው ጠይቀሽ ነበር። ወንበሩን በቀኛቸው፣ ማለትም በደህናው ጎን አድርጊው። «ሳነሳቸው ወደ ግራ ይወድቁብኛል» ያልሽው በአብዛኛው የሚመጣው ወደ ደከመው ጎን ስናዞራቸው ነው።

1. ክንድ ማሳረፊያ ያለውና የማይንሸራተት ወንበር ከአልጋው አጠገብ ትንሽ ሰያፍ አድርገሽ አስጠጊ። በካልሲ ብቻ አይቁሙ፤ የማያንሸራትት ጫማ ይኑራቸው።

2. አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጠሽ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቂ። ብዙ ቀን የተኛ ሰው ድንገት ሲቆም ያዞረዋል። ካዞራቸው መልሰሽ አስተኚያቸው።

3. ሁለቱም እግራቸው መሬት ይርገጥ፣ ተረከዛቸው ከጉልበታቸው ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን።

4. ፊት ለፊታቸው ቁሚና የግራ ጉልበታቸውን በጉልበትሽ ደግፊ፤ የሚከዳቸው እሱ ነው። ወገባቸው ላይ ጠበቅ ያለ ሰፊ ቀበቶ አስረሽ እሱን ያዢ (ነጠላ አይሆንም፣ ይፈታል)።

5. ወደ ፊት ጎንበስ ብለው በቀኝ እጃቸው አልጋውን ተጭነው ይነሱ። አንገትሽን አያቅፉ። ከዚያ በትንንሽ እርምጃ ዞረው፣ ወንበሩን በቀኝ እጃቸው ከነኩ በኋላ ብቻ ይቀመጡ።

ቀኝ እግራቸውም ካልጸና ብቻሽን አትሞክሪው፤ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

የትከሻውን ሕመም በተመለከተ፦ በግራ ክንዳቸውም በብብታቸውም ይዘሽ በፍጹም አትሳቢ። ትከሻውን የሚይዙት ጡንቻዎች ስለላሉ መጋጠሚያው ወደ ታች ሊንሸራተት ይችላል፤ ሕመሙም ለወራት ሊቆይና ከፊዚዮቴራፒው (ከአካል እንቅስቃሴ ሕክምናው) ሊያስቀራቸው ይችላል። ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው ልብስ ሲያለብስ ነውና ለእነሱም ንገሪያቸው፦ ሲለብሱ የደከመው እጅ መጀመሪያ፣ ሲያወልቁ መጨረሻ። ተቀምጠው ሳሉ ክንዱ ትራስ ላይ ይረፍ እንጂ አይንጠልጠል።