የሥዕሉ ግማሽ ተመልካቹ ዘንድ ነው

ከአዘዞ ለጻፍሽልኝ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የፍሬሽማን ዓመትሽን ጨርሰሽ የዲፓርትመንት ምርጫ ደርሶብሻል። ከልጅነትሽ ጀምሮ ትሥያለሽ። ስትሥዪ ልብሽ እንደሚረጋ፣ ለምን እንደሚረጋም ማወቅ እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። አባትሽ «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ይላሉ፤ ጓደኛሽ ደግሞ ሁሉን ትተሽ አዲስ አበባ የሥዕል ትምህርት ቤት ግቢ ትልሻለች። መጨረሻ ላይ ያሰፈርሻት ጥያቄ ግን ከሁሉም በልጣብኛለች፦ «ሥዕልንና የሰውን አእምሮ አብሮ መያዝ ሥራ ይሆናል ወይስ ከሁለት ያጣ ልሆን ነው?»

መልሴን ላስቀድም። ሳይኮሎጂን አንደኛ ምርጫሽ አድርገሽ ሙዪ፤ እርሳስሽን ግን አንድ ቀን እንኳ አታሳድሪው። ይህን ለአባትሽም ለጓደኛሽም ለማስታረቂያ ያልሁት አይምሰልሽ። ሁለቱ ነገሮች በእርግጥ አንድ ስለሆኑ ነው።

እስኪ ፋታ ስታገኚ እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ። የከተማው ልጅ ነሽና ብዙ ጊዜ አይተሽው ይሆናል፤ አሁን ግን ጥያቄ ይዘሽ ግቢ። ቀና ስትዪ ጣሪያው ላይ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍ ተደርድረዋል። ዓይኖቻቸው ትልልቅ ናቸው። ትንሽ ቆም ብትዪ ልታዪ የሄድሽው አንቺ መታየት ትጀምሪያለሽ። ቀጥለሽ ወደ ግድግዳው ዙሪና ቅዱሳኑንና አሳዳጆቻቸውን አስተያዪ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ቅዱሳን ሁለቱም ዓይናቸው እንዲታይ ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ ብዙ ጊዜ በጎን ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ማን ከማን ወገን እንደሆነ በዓይን ይለያል።

አሁን ይህን ከሌላ ነገር ጋር አያይዥው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ አንድ ጥናት፣ ከተወለዱ ከሁለት እስከ አምስት ቀን የሆናቸው ሕፃናት ሁለት የፊት ምስሎች ጎን ለጎን ቀረቡላቸው፤ አንዱ ወደ እነሱ ቀጥ ብሎ የሚያይ፣ ሌላው ዓይኑን ወደ ጎን የመለሰ። ሕፃናቱ አብልጠው ያዩት ቀጥ ብሎ የሚያያቸውን ነው። ገና የእናታቸውን ጡት በቅጡ ያልለመዱ ሕፃናት! የጎንደር ሠዓሊዎች ቤተ ሙከራ አልነበራቸውም። ሰውን አጥብቀው በማየት ብቻ የአእምሮን አንድ በር አግኝተው በዚያው ገቡ። አንቺ «ሁለት ነገር» የምትዪው በእነሱ እጅ አንድ ሥራ ነበር።

ሌላም ልጨምርልሽ። አልፍሬድ ያርቡስ የሚባል የሶቪየት ሳይንቲስት ሰው ሥዕል ሲያይ ዓይኑ የት የት እንደሚሄድ በመሣሪያ ይመዘግብ ነበር። ከተጠቀመባቸው ሥዕሎች አንዱ የኢልያ ሬፒን ነው፤ ለረጅም ጊዜ ርቆ የቆየ ሰው ሳይታሰብ ቤቱ ሲገባ ያሳያል። ያው ተመልካች ያንኑ ሥዕል እያየ «የእነዚህ ሰዎች ዕድሜ ስንት ይሆናል?» ሲባል ዓይኑ በሰዎቹ ፊቶች ላይ ይመላለሳል፤ «ኑሯቸው እንዴት ነው?» ሲባል ወደ ዕቃውና ወደ ልብሱ ይሄዳል። የተለወጠው ጥያቄው እንጂ ሥዕሉ አይደለም። ከሥዕሉ ግማሹ የሚሠራው በተመልካቹ ጭንቅላት ውስጥ ነው የምልሽ ለዚህ ነው።

ይህ ግማሽ በትምህርትና በልማድ የሚቀረጽ መሆኑን ደግሞ በገዛ አገራችን የተደረገ ጥናት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመ ነው። ተመራማሪዎች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚኖሩና ሥዕል ብዙም ላልለመዱ የመኤን ሰዎች የእንስሳት ሥዕል አሳዩ። ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ሲሰጣቸው አንዳንዶቹ የዳሰሱትና ያሸተቱት ወረቀቱን ነው፤ ባዕድ የሆነባቸው እሱ ነበርና። ሸካራ ጨርቅ ላይ ተስሎ ሲቀርብላቸው ግን ብዙዎቹ፣ ጊዜ ወስደው ክፍል በክፍል እየተመለከቱም ቢሆን፣ እንስሳውን ለዩት። ይህን እባክሽ የማስተዋል ጉድለት አድርገሽ እንዳትወስጂው። ሥዕል ማየትም እንደ ንባብ የሚለመድ ነገር ነው።

እኔ ይህ የገባኝ ዘግይቶ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ ነው። ግድግዳው ላይ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ኦአርኤስ (ያጣውን ውኃና ጨው የሚመልስለት ዱቄት) እንዴት እንደሚበጠበጥ የሚያሳዩ ሥዕሎች ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረዋል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከቀኝ ጀምረው ያዩ ኖሮ «ልጁ ድኖ ሲስቅ ሳለ ደግሞ ምን ያጠጡታል?» ብለው ጠየቁኝ። ከግራ መጀመርን የሚያስተምረን ፊደል ነው፤ እሳቸው አልተማሩም። ሥዕሉ ጥሩ ነበር። የሣለው ሰው ግን ተመልካቹን አልጠየቀም። እኔ ያን ቀን «እዚህ ቦታ አንድ ባለሙያ ጎድሏል» አልሁ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ትዝ ያሉኝ እኚያ እናት ናቸው።

ስለዚህ ወደ ሥራው ልምጣ። «የሥነ ጥበብ ሕክምና ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ በእኛ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አላየሁም፤ በዚያ ስም ሥራ እየጠበቅሽ እንድትቀመጪ አልፈልግም። በሳይኮሎጂ ዲግሪ ግን በትምህርት ቤት አማካሪነት፣ ከተጎዱ ሕፃናት ጋር በሚሠሩ ድርጅቶች፣ በማገገሚያ ማዕከላት መግባት ይቻላል፤ የሚሥል አማካሪ ደግሞ በአፉ መናገር ካቃተው ልጅ ጋር የሚነጋገርበት ተጨማሪ ቋንቋ አለው። የጤና ትምህርት ሥዕሎች ዝግጅትም አለ። ይህች ከተማ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ባለሙያ እያሠለጠነ ወደ ገጠር ሲልክ የኖረባት ናት፤ ለሰው በሚገባው መንገድ ማስተማር እዚህ አዲስ ወግ አይደለም። እዚሁ ዩኒቨርሲቲያችን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርትም አለ። ሰውን በእጅ ሥራና በዕለት ተዕለት ክንውን ወደ ኑሮው የሚመልስ ሙያ ነውና መምህራኑን ሄደሽ አነጋግሪ።

ልብሽ ለምን እንደሚረጋ ጠይቀሻል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጊሪጃ ካይማልና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ 39 አዋቂዎችን ለ45 ደቂቃ በቀለም፣ በወረቀትና በሸክላ ጭቃ እንደፈለጉ እንዲሠሩ አድርገው፣ ከሥራው በፊትና በኋላ በምራቃቸው ውስጥ ያለውን ኮርቲሶል የተባለ የጭንቀት ሆርሞን ለኩ። ከአራት ሰው በሦስቱ ገደማ ቀነሰ፤ ልምድ ያለውና የሌለው ብዙም አልተለያዩም። ደስ ይላል። ነገር ግን ያን 45 ደቂቃ በሌላ ነገር ያሳለፈ የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም፤ ስለዚህ ያረጋጋው ሥዕሉ ይሁን ዕረፍቱ አልተለየም። ይህን ጥያቄ መጠየቅ የሚያስተምርሽ ሳይኮሎጂ ነው፤ አንደኛ አድርጊው ያልሁሽም ስለዚህ ነው። የሥዕል ትምህርት ቤቱን በር ዘግቼብሽ አይደለም። ጠያቂ አእምሮና የሠለጠነ እጅ ይዘሽ ቆየት ብለሽ ብትሄጂም ያው በር ነው።

እጅሽን ግን አደራ። ከዓመታት በፊት እንዳንቺ ያለ ልጅ መጥቶ ሲያማክረኝ «ሥዕሉን ለዕረፍት ጊዜህ አቆየው» አልሁት። ዕረፍት የሚባል ጊዜ አልመጣለትም። ተመርቆ ሲጠይቀኝ እርሳስ ከያዘ ሦስት ዓመት እንዳለፈው ነገረኝ፤ ያ ምክሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺ በቀን ግማሽ ሰዓት ቁረጪ። ፈተና ቢኖርም፣ መብራት ቢጠፋም በሻማ።

ከዛሬ ጀምሮ ይህን አድርጊ፦ በአራት ሥዕል ብቻ፣ ያለ ምንም ጽሑፍ፣ አንድ ቀላል ነገር አስረጂ፤ እጅ አስተጣጠብ ይሁን፣ ውኃ አፈላል። ይዘሽ አራዳ ገበያ ውረጂና ለአሥር ሰው አሳዪ። ቅመም ሻጭ፣ ተሸካሚ፣ ከገጠር የመጡ እናት፣ ሊስትሮ። «ምን ታያለህ? ከየት ጀመርህ?» በዪ። ሲሳሳቱ አታርሚያቸው፤ ያሉትን እንዳለ ደብተር ላይ ጻፊ። ከዚያ ሥዕሉን ለውጠሽ ለሌላ አሥር ሰው አሳዪ።

ለአባትሽ እኔ የነገርሁሽን ሳይሆን ያንን ደብተር አሳዪአቸው። ምርጫው ከመዘጋቱ በፊት ባለው ማክሰኞ ከሰዓት ቢሮ አለሁ፤ ደብተሩን ይዘሽ ነይ። እሳቸውም ፈቃዳቸው ከሆነ አብረው ይምጡ፣ ሻይ እየጠጣን እንነጋገራለን።