ለጦርነት ስም ስታወጡ

መዝገበ ዕውቀት እያዘጋጃችሁ ላላችሁ ልጆቼ፣

እዚሁ አዳማ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የካታሎግ ካርድ ስጽፍ ነው ያረጀሁት። ከተማችን ናዝሬትም አዳማም ተብላ ስለተጻፈች፣ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ያለውን መጽሐፍ ሌላው መሳቢያ ጋ ቆሞ የሚፈልግ ሰው ብዙ አይቻለሁ። የጦርነትና የአመፅ ስም ግን ከዚህም ይከብዳል፤ ሰው ያስቀይማል።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ካርድ ይዘው መጡ። «የታኅሣሥ ግርግር» ይላል፤ የእኔው የእጅ ጽሑፍ። «ወንድሜ የሞተው በግርግር ነው?» አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. የተጀመረው በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በገርማሜ የተመራ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነው፤ በቤተ መንግሥቱ አረንጓዴ ሳሎን ባለሥልጣናት ተረሽነዋል፣ ወታደርም ሲቪልም ሞቷል። ግርግርማ ገበያ ላይም ይነሣል። ያንኑ ቀን «የ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ» የሚል አዲስ ካርድ ጻፍኩ። አሮጌውን ግን አልቀደድኩትም፤ «ይህን ይመልከቱ» ብዬበት መለስኩት፤ ሰው የሚፈልገው በለመደው ስም ነውና።

ርእሱ ላይ ተዋጊዎቹንና ዘመኑን አስቀምጡ። «የ1969–70 የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት» ካላችሁ ጅጅጋ ያለውም ሞቃዲሾ ያለውም ሳይከፋው ያነበዋል። «አመፅ» ወይም «ተቃውሞ» ስትሉ ደግሞ፣ ያንኑ ድርጊት የምትወዱት ወገን ቢፈጽመው በዚያው ቃል ትጠሩት እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። እኔ እዚህ ላይ ደጋግሜ ተሳስቻለሁ።

አንዳችሁ ላለማዳላት ብላችሁ የ1928ቱን የጣልያን ወረራ «ግጭት» ብላችሁታል። እባካችሁ መልሱት። ጣልያን ጦርነት ሳታውጅ መረብን ተሻግራ ገባች፤ የመንግሥታቱ ማኅበርም በዚያው መስከረም ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት መክፈቷን አረጋግጧል። ወረራን ወረራ ማለት ማዳላት አይሆንም። «ቀይ ሽብር»ንም የጠላት ስድብ መስሏችሁ አትሰርዙት፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ደርግ ነው፣ ይህንንም አንቀጹ መግቢያ ላይ ጻፉት።

ዓድዋን በ«ዓ» ከጀመራችሁ እስከ መጨረሻው በ«ዓ» ሂዱ። 1888 ስትሉ ዓ.ም.፣ 1896 ስትሉ እ.ኤ.አ. መሆኑን በየቦታው አስገቡ። ዝርዝሩን ቅዳሜ ይዛችሁልኝ ኑ፤ እርሳሴን ቀርጬ እጠብቃችኋለሁ።