በአያትህ ብስክሌት ላይ ያለው ባለሰይፍ ጦረኛ

ወንድሜ፣ አያትህ አስመራ ሲሠሩ በገዙት ብስክሌት ፊት ላይ፣ ከመሪው በታች፣ «ሌኛኖ» የሚል ጽሑፍና ሰይፉን ወደ ላይ ያነሳ ጦረኛ ያለበት የነሐስ አርማ አግኝተህ ማን እንደሆነ፣ ነቅለህ ብትወለውለውስ ምን እንደሚሆን ጠይቀሃል። እባክህ አትንቀለው! ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

ጦረኛው አልቤርቶ ዳ ጁሳኖ ነው። ሌኛኖ ከሚላኖ ብዙም የማትርቅ ከተማ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1176 የሰሜን ጣሊያን ከተሞች ተባብረው የጀርመኑን ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳን ድል የነሱት እዚያ ነው። አልቤርቶ የከተሞቹን ሰንደቅ የያዘውን ሠረገላ እስከ ሞት ሊጠብቁ የማሉትን ፈረሰኞች መራ ይላል አፈ ታሪኩ፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ይጠራጠራሉ። ቢሆንም ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1900 ሐውልት አቁማለታለች፤ ሰይፉን ያነሳበት አቋም በአርማህ ላይ የምታየው ነው። በከተማዋ ስም የተጠሩትን የሌኛኖ ብስክሌቶች የሠራው የሚላኖው የኤሚሊዮ ቦዚ ኩባንያ ነው። ጣሊያናውያኑ ብስክሌተኞች ጂኖ ባርታሊ እ.ኤ.አ. በ1936 እና በ1937፣ ፋውስቶ ኮፒም በ1940 ገና በ20 ዓመቱ የጣሊያንን ዙር ውድድር ያሸነፉት ይህን አርማ በያዘ ብስክሌት ነው። ጦረኛው ለብስክሌቱ ክብር አበደረው፤ ጋላቢዎቹ ብድሩን መለሱ።

ሌሎች ፋብሪካዎች በአርማቸው የቀድሞ ሙያቸውን ይናገራሉ። የእንግሊዙ ቢኤስኤ በአርማው ላይ ሦስት ጠመንጃ ያደረገው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስለነበረ ነው። የፈረንሳዩ የፔዦ አንበሳ ደግሞ ኩባንያው ብስክሌት መሥራት ከመጀመሩ በፊት የመጋዝ ምልክት ነበር፤ ጥርሱ እንደ አንበሳ ጥርስ የበረታ ነው ለማለት።

አርማ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። የቺካጎው የብስክሌት ፋብሪካ ሽዊን አንድ ዓይነት ብስክሌት ለተለያዩ ነጋዴዎች የተለያየ አርማ እየለጠፈ ይሸጥ ነበር፤ የወለቀ አርማም ሌላ ፍሬም (የብስክሌቱ የቱቦ አጽም) ላይ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ኮርቻው የሚገባበትን ቱቦ ተመልከት። በብዙ ብስክሌቶች የኮርቻውን ዘንግ የሚያጠብቀው ብሎን ከኋላ ነው፤ በሌኛኖ የውድድር ፍሬሞች ግን ከፊት፣ ከላይኛው ቱቦ ሥር ይገኛል።

አሁን ወደ መንቀሉ ልመለስ። በልምዴ እንዳየሁት የድሮ ነሐስ ስስ ነው፤ አርማውን የያዘው ትንሽ ሚስማር (ሪቬቱ) ሲፈለቀቅ ጠርዙ ይቀደዳል ወይም ይጣመማል። ከሥሩ ያለው ቀለም ፀሐይና ዝናብ ያልነካው በመሆኑ፣ ብስክሌቱ ድጋሚ ቀለም ተቀብቶ ካልሆነ፣ የፋብሪካውን እውነተኛ ቀለም የሚመሰክርልህ እርሱ ነው። የብረት ሱፍና የነሐስ መወልወያ በጽሑፉ ጎድጓዶች ውስጥ የቀረውን ቀለም ጠርገው ይወስዱታል፤ አንዴ ከሄደ ደግሞ አይመለስም። ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ሳሙና ጨምረህ በለስላሳ ጨርቅ አብሰው፣ ወዲያው አድርቀው፤ ጥቁረቱን ተወው። የኮርቻውን ብሎን ከቅርብ ፎቶ አንስተህ ብትልክልኝ የውድድር ፍሬም መሆን አለመሆኑን አይቼ እነግርሃለሁ።