ሬንደር ቪዲዮ የት ገባ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ለገና የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ፎቶዎች በፎቶሾፕ ሲኤስ6 ደርድሬ፣ በፍሬም አኒሜሽን (ፍሬም የሚባሉ ምስሎችን በተከታታይ በማሳየት) የ10 ሰከንድ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት አዘጋጀሁ። ታይምላይኑ ላይ አምሮ ይጫወታል። ቪዲዮ አድርጌ ላወጣው ስል ግን ፋይል፣ ኤክስፖርት ውስጥ ሬንደር ቪዲዮ የሚል የለም። ጓደኛዬ ኮምፒዩተር ላይ አለ። ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ደግሜ ጫንኩት፤ ያው ነው። ምን አጠፋሁ?»

መልስ፦ ምንም አላጠፉም፤ ሥራዎም ደኅና ነው። ችግሩ ያለው ፕሮግራሙ ላይ ነው፤ ስለዚህ ያንኑ ደጋግሞ መጫን ለውጥ አላመጣም።

ትእዛዙ ደብዝዞ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ፋይል ሳይከፈት፣ ወይም የሚጻፍ ጽሑፍ በኮንትሮልና ኢንተር፣ የሚስተካከል መጠን በኢንተር ሳይጸድቅ ሲቀር ብዙ ትእዛዝ ይደበዝዛል። የእርስዎ ግን ጭራሹን የለም። ምናልባት ተደብቆ እንደሆነ መጀመሪያ ኤዲት፣ ሜኑስ ገብተው በፋይል ሥር ከሬንደር ቪዲዮ ጎን የዓይን ምልክቱ መኖሩን ይዩ። እዚያም ከሌለ ሄልፕ፣ ሲስተም ኢንፎን ይክፈቱ። ከላይ ከቨርዥኑ ቁጥር (ሲኤስ6 ከሆነ 13 ብሎ ይጀምራል) በኋላ ኤክስ64 ወይስ ኤክስ32 ይላል? በዊንዶውስ ላይ ባለ 32 ቢቱ (ኤክስ32 የሚለው) ፎቶሾፕ የቪዲዮ ክፍል የለውም። ፍሬም አኒሜሽን ግን ያሠራል፤ እርስዎንም ያሳሳተዎት ይህ ይመስለናል።

እዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ዊንዶውሱ ባለ 64 ቢት ሲሆን ሲኤስ6 ሁለቱንም ስለሚጭን በስታርት ሜኑ ውስጥ ሁለት አዶ ይቀመጣል፤ አንዱ ስሙ ላይ «64 ቢት» የሚል አለው፣ ሌላው የለውም። ብዙ ሰው የሚከፍተው ያልተጻፈበትን ነው። በሌላኛው ከፍተው ይሞክሩ፤ ፒኤስዲ ፋይሉ (ፎቶሾፕ ሥራውን የሚያስቀምጥበት) በሁለቱም ይከፈታል።

ኤክስ64 እያለም ትእዛዙ ከሌለ፣ ፕሮግራሙ በፍላሽ የሚዞረው «ፖርተብል» እንዳይሆን እንጠረጥራለን። አዶቤ ፖርተብል ፎቶሾፕ አውጥቶ አያውቅም። መጠኑን ለማሳነስ ሲሉ ሌሎች ሰዎች ክፍሎቹን ቆርጠው ያዘጋጁት ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቆረጠውም ከባዱ የቪዲዮ ክፍል ነው። ትእዛዙ ኖሮ ሲጫኑት «ዳይናሚክ ሊንክ ሚዲያ ሰርቨር» አልተገኘም የሚል መልእክት ከመጣም የቪዲዮ ክፍሉ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። የተቆረጠውን ሴቲንግ አይመልሰውም፤ መፍትሔው ሙሉውን ፕሮግራም መጫን ብቻ ነው።

በዓሉ ከደረሰና ጊዜ ከሌለዎት ሥራውን በሌላ በር ያውጡት። ፒኤስዲውን በሌላ ስም ሴቭ ያድርጉ። ታይምላይኑ ቀኝ ጥግ ካለችው ትንሽ ሜኑ «ፍላተን ፍሬምስ ኢንቱ ሌየርስ»ን ይምረጡ፤ እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን የቻለ ሌየር (ንብርብር) ይሆናል። የቀድሞዎቹን ሌየሮች ያጥፏቸው። ከዚያ ፋይል፣ ስክሪፕትስ፣ «ኤክስፖርት ሌየርስ ቱ ፋይልስ» (በአዳዲሶቹ ኤክስፖርት ሥር ነው)፤ ዓይነቱን ፒኤንጂ-24 አድርገው «ትሪም ሌየርስ» ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ። ይህን ከረሱ ባዶ ጠርዝ ያለው ፍሬም ሁሉ እየተከረከመ ይወጣና ጽሑፉ ቪዲዮው ላይ ወዲያ ወዲህ ይዘላል። የወጡትን ፎቶዎች ሾትከት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይክፈቱ፦ የመጀመሪያውን ፎቶ ብቻ ከፍተው ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ኢሜጅ ሲኩዌንስ» ላይ ምልክት ያድርጉ፤ የፎቶዎቹ ስም በተከታታይ ቁጥር የሚያልቅ ከሆነ የቀሩትን ራሱ ይሰበስባል። ቅደም ተከተሉ ከኋላ ወደ ፊት ከሆነብዎ ፎቶሾፕ ውስጥ ሌየሮቹን በሙሉ መርጠው ሌየር፣ አሬንጅ፣ ሪቨርስ ይበሉና እንደገና ያውጡ። በየፍሬሙ የሰጡት የቆይታ ጊዜ አብሮ ስለማይወጣ ሾትከት ላይ እንደገና መስጠት ይኖርብዎታል። ይህ ያደክማል፤ ለአንድ በዓል እንጂ ለዘወትር ሥራ አንመክረውም።

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ማተሚያ ቤት አለን። ለደንበኛ ያተምነውን የኤ3 ፖስተር ለሱቁ ቴሌቪዥን ቪዲዮ ልናደርገው ብንል፣ ሬንደር ቪዲዮው አንዴ ስህተት ይላል፣ አንዴ የወጣው ፋይል ቴሌቪዥኑ ላይ አይከፈትም።»

መልስ፦ ፖስተሩ ለኅትመት እንጂ ለስክሪን አልተሠራም። ኤ3 በ300 ዲፒአይ 3508 በ4961 ፒክሰል ነው፤ ከ17 ሚሊዮን ፒክሰል በላይ ማለት ነው። 4ኬ የሚባለው ቴሌቪዥን እንኳ 3840 በ2160፣ ወደ 8.3 ሚሊዮን ነው። ኢሜጅ፣ ዱፕሊኬት ብለው ቅጂ ይያዙ፤ ኅትመቱን እንዳይነኩት አደራ። ቅጂውን ኢሜጅ፣ ሞድ ውስጥ ከሲኤምዋይኬ (የኅትመት ቀለም) ወደ አርጂቢ (የስክሪን ቀለም) ይቀይሩ፤ ሲጠይቅዎ ሌየሮቹን አያዋህዱ። ቀጥሎ ኢሜጅ ሳይዝ ላይ ወርዱን 1080 ያድርጉት። ቁመቱ 1527 ይመጣል። ችግር የሚፈጥረው ይህ ጎዶሎ ቁጥር ነው፦ ኤች.264 (የቪዲዮ መጭመቂያ ስልት ነው) ቀለሙን በተለምዶ ለሁለት በሁለት ፒክሰል ስለሚይዝ ወርዱም ቁመቱም ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር መሆን አለበት። ካንቫስ ሳይዝ ገብተው 1528 ያድርጉት። ሬንደር ሲያደርጉ ፎርማቱ ኤች.264፣ ሳይዙ «ዶክዩመንት ሳይዝ» ይሁን፤ ሌላ ሳይዝ ከተመረጠ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል።

መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኤምፒ4 ማውጫውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ፋይሉ አይከፈትም፤ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ረጅም ሥራ ሲሆን በሬንደር ቪዲዮ መስኮት «አዶቤ ሚዲያ ኢንኮደር» የሚለውን «ፎቶሾፕ ኢሜጅ ሲኩዌንስ» ላይ ያድርጉት። ይህ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ፎቶ አድርጎ ያወጣል፤ 10 ሰከንድ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲሆን 300 ፎቶ ይሆናል። በ180ኛው ላይ ቢጠፋ 179ኙ ይተርፋሉ፤ ሬንጅ ላይ ስታርት ፍሬሙን ቀይረው ከዚያው ይቀጥላሉ።

ጥያቄ፦ «ከወልዲያ። ጊምፕ ነው የምጠቀመው። ቪዲዮ የሚያወጣው የትኛው ሜኑ ነው?»

መልስ፦ የለውም። ጊምፕ (ነፃ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው) በራሱ ተንቀሳቃሽ ጂአይኤፍ ያወጣል፦ ፋይል፣ ኤክስፖርት አዝ፣ የፋይሉ ስም መጨረሻ ጂአይኤፍ ይሁን፣ «አዝ አኒሜሽን» ላይ ምልክት ያድርጉ። ጂአይኤፍ በአንድ ፍሬም ከ256 ቀለም በላይ ስለማይዝ ለጽሑፍና ለአርማ እንጂ ለሐይቅ ውኃና ለሰማይ ፎቶ አይሆንም፤ ሰማዩ ላይ መስመር መስመር ይሠራል። ለፎቶ ከሆነ ሌየሮቹን በፒኤንጂ አንድ በአንድ አውጥተው፣ 001፣ 002 ብለው ሰይመው ወደ ሾትከት ይውሰዷቸው።